ወፍጮው እስከ አሥር ሰዓት ጮኸ

ግዛው ዱቄት ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ፊቱ ነጭ፣ ማጅራቱ ቀይ ነበር። ከጎኑ የወፍጮ ድንጋይ የሚሳልባት መውቀሪያ ወድቃለች፤ እሷም ደም ለብሳለች። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት፣ ወሩ ጥር፣ ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከቀኑ አሥራ አንድ ነበር።

ወፍጮ ቤቱ ከላፍቶ በታች፣ ከተማው አልቆ ገብሱ በሚጀምርበት በጨፌ በር ነው። እንዲህ ያለ ወፍጮ ከዚያ እስከ ሞያሌ አልነበረም፤ ነበረ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። መቶ አሥራ ሁለት አባወራ ሞተሩን ከአስፋልቱ ጀምሮ በትከሻው ተሸክሞ አመጣው። ግድግዳውን አቆመ፣ ጣራውን መታ፣ ሁለቱን ድንጋዮች ዳገት ለዳገት እየጎተተ አወጣ። ስለዚህ ወፍጮው የጨፌ በር ገበሬዎች ልማት ማኅበር ነው፤ የሁሉም ነው። ይህን የማያውቅ አንድ ሰው ቢኖር የማኅበሩ ሊቀመንበር ብቻ ነበር።

ወፍጮ ፈጪው ግዛው በጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ የቲማቲም ጣሳ አስሮበት ነበር። ሞተሩ ሲነሳ ጣሳዋ ኩክ፣ ኩክ፣ ኩክ ትላለች። ሴቶች ያን ሲሰሙ ወፍጮው መነሳቱን አውቀው እህላቸውን አዝለው ይወርዳሉ። ድምጿ መካኒሳ አቦ ድረስ ይሰማል፤ ነፋስ ካገዛት ደብረ ዘይት ያሉ ዶሮዎችም ይደነግጣሉ።

በዚያ ማክሰኞ ጣሳዋ ከስምንት ሰዓት ትንሽ ቀደም ብላ ጀምራ እስከ አሥር ሰዓት ጮኸች። አገር ሰማ። እንግዲህ ግዛው እስከ አሥር ሰዓት በሕይወት ነበር ማለት ነው። ሊቀመንበር ከበበው ይህን ለመረዳት አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። በሁለተኛው ደቂቃ ደግሞ ገዳዩን ያዘ።

የተያዘው ቡዜ ነበር። ቡዜ ከወላይታ መጥቶ በወፍጮ ቤቱ ጆንያ የሚሸከም፣ ጴንጤ ነው እየተባለ የሚታማ ሰው ነው። ቅዳሜ ዕለት በአንድ ጆንያ ጉዳይ ከግዛው ጋር ሲጨቃጨቅ ታይቷል። ማክሰኞ ከሰዓት ማኅበርተኛው በሙሉ ለስብሰባ ሲወጣ እሱ አልነበረም። የት እንደነበረም አይናገርም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? እጁን የፊጥኝ አስረው ግምጃ ቤት ቆለፉበት። በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ የጭነት መኪና መጥቶ እንዲወስደው መልእክት ተላከ። በዚያ ዘመን በእንዲህ ያለ መኪና የሄደ ሰው ተመልሶ ሲወርድ ያየ አልነበረም።

ሚስቱ ገዲሴ ግን ጠዋት ተነስታ ጎፋ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ በእግሯ ሄደች፤ ሃምሳ አለቃ ሸዋረገድ ፊትም ቆመች።

በአዲስ አበባ ፖሊስ ውስጥ ከሸዋረገድ የሚበልጥ መርማሪ አልነበረም፤ የሚበልጧት በማዕረግ ብቻ ነበር። ወፈር ያለች፣ አርባ አምስት ዓመቷን የደፈነች ሴት ናት። ሰውን የምታየው የላሸቀ ቲማቲም ገልብጣ እንደምታይ ገበያተኛ ነው።

«ባልሽ ገድሏል?» አለቻት።

«አልገደለም፣ እትዬ።»

«የት ነበር ታዲያ?»

ገዲሴ መሬት መሬት አየች።

«አንቺም አትናገሪም። ጥሩ ቤተሰብ ናችሁ። መኪናው በስንት ሰዓት ይመጣል?»

«በስድስት።»

ሸዋረገድ ሰዓቷን አየችና ጫማዋን አጠበቀች። «ሦስት ሰዓት አለን። ለአንድ ጅል ገዳይ ይበቃል።»

ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሊቀመንበር ከበበው ቆሞ ጠበቃት። ቁመቱ አጭር፣ ኮቱ ረጅም፣ ንግግሩ ከሁለቱም የረዘመ ነበር። ግራ እጁን ኮት ኪሱ ውስጥ ከቶ ቀኝ እጁን ዘረጋላት።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ጓዲት ሃምሳ አለቃ። በከንቱ ደከምሽ እንጂ አብዮታዊ ንቃታችን ወንጀለኛውን አስቀድሞ…»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ከበሩ ላይ ፈቀቅ ይበሉልኝ። ብርሃን ጋረዱኝ።»

ገባች። ሬሳው በነጠላ ተሸፍኖ ቃሬዛ ላይ ነው። ጆንያዎቹ እንደታሰሩ በተርታ ቆመዋል። ሸዋረገድ አፍንጫዋን አነሳች፤ ድንጋይ ከድንጋይ ተፋትጎ ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ ገና አልወጣም። እህል የሚፈስበትን ሣጥን አየች፤ አንዲት ፍሬ የለበትም። ጎንበስ ብላ ድንጋዩን በጣቷ ዳበሰች፤ ፊቱ እንደ መስታወት ልሟል፣ ጠርዙ ጠቁሯል። ውፍረቱንም በስንዝሯ ለካች፤ የስንዝሯን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ከዚያ ሞተሩ ጋ ሄደች፤ የናፍጣ መዝጊያው ክፍት፣ ታንከሩ ደረቅ ነው።

«የታሰረውን አምጡልኝ» አለች።

ቡዜን አመጡት። ገመዱ ክንዱን አሳብጦታል።

«ግዛውን ትወደው ነበር?» አለችው።

«አንዳንዴ ይሰድበኝ ነበር። ሥራ ያስተማረኝ ግን እሱ ነው።»

«ይህ ድንጋይ ለምን ተቃጠለ?»

ቡዜ ድንጋዩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ ከመታሰሩ ይልቅ ይህ ያሳዘነው መሰለ። «ባዶውን ስለሄደ ነው። እህል ከሌለበት ድንጋዩ ራሱን ይበላል። ግዛው እህሉ ሊያልቅ ሲል አስቀድሞ ነበር ሞተሩን የሚያጠፋው።»

«ናፍጣውንስ እስኪደርቅ ይተወዋል?»

«በጭራሽ! አየር ከገባበት ለማስነሳት ግማሽ ቀን መልፋት ነው።»

«እንዴት ነው የሚነሳው?»

ቡዜ እጁ ስለታሰረ በአገጩ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ብረት አመለከተ። «በዚያ ማኖቬላ ነው የሚዞረው። ሲይዙት አውራ ጣትዎን ከአራቱ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ነው የሚያደርጉት። ከጠቀለሉበት ሞተሩ አንዳንዴ ወደኋላ ይመልስና ጣት ይሰብራል። ግዛው መጀመሪያ ያስተማረኝ እሱን ነው።»

ሸዋረገድ ከጀርባው ዞራ ሁለቱን አውራ ጣቶቹን አየች። ደህና ናቸው።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ከወንድሞቼ ጋር።»

«የእናት ልጆች?»

ቡዜ በአሉታ ራሱን ነቀነቀ።

«ስማቸውን ስጠኝና አሁን ላስፈታህ።»

«ስማቸውን ከሰጠሁዎት በእኔ ፈንታ ሰባት ሰው ነው የሚታሰረው።»

«እሺ፣ ጠላ ቤት ሰክሬ ወድቄ ነበር በል። እኔ እጽፈዋለሁ፤ ማንም አይከራከርህም።»

«አልጠጣም፣ እትዬ። አልዋሽምም።»

«አልዋሽም የሚል ሰው ለመርማሪ ራስ ምታት ነው» አለች ሸዋረገድ፤ ግን ከዚያ በኋላ ስለ ወንድሞቹ አልጠየቀችውም።

ሊቀመንበሩን ቢሮው ውስጥ አነጋገረችው። ቢሮው ከወፍጮ ቤቱ ይሰፋል። ግድግዳው ላይ መፈክር ተለጥፏል፤ ጠረጴዛው ላይ ግን አንድ የሥራ ወረቀት አይታይም።

«ትናንት የት ነበሩ?»

«ስብሰባ እየመራሁ!» አለ ከበበው። ደረቱ ከኮቱ ቀድሞ ወጣ። «ከስምንት ሰዓት እስከ አሥር ተኩል ቆሜ ተናገርኩ። ማኅበርተኛው ሁሉ ምስክሬ ነው። ወፍጮው ኩክ ኩክ እያለ አላናግር ብሎኝ እንኳ ታገስኩ። ‹ጓዶች፣ ይህን የልማት ድምፅ አዳምጡ!› ብዬ ነው ንግግሬን የቀጠልኩት።»

«ሁለት ሰዓት ተኩል የተናገረ ሰው በእርግጥ ሰው የመግደያ ጊዜ የለውም። ሰሚዎቹ ተገድለው ካልሆነ።»

ከበበው ነገሩ ገብቶት ይሁን ሳይገባው ፈገግ አለ።

«ከስምንት ሰዓት በፊትስ?»

«ቤቴ፣ ንግግሬን ሳዘጋጅ።»

«ወፍጮ ማስነሳት ይችላሉ?»

«እኔ?» ቀኝ እጁን ዘርግቶ አሳያት፤ ለስላሳ ነው። «እኔ የአእምሮ ሠራተኛ ነኝ።»

«ግራዎን ከኪስ አያወጡትም እንዴ? በርዶዎት ነው?»

«ልማዴ ነው።»

ሸዋረገድ አንድ ነገር በማስታወሻዋ ጻፈች። ጽሕፈቷ ከዶክተር ጽሕፈት የባሰ ስለነበር ከበበው አንገቱን ቢያሰግግም ማንበብ አልቻለም።

የዕቃ ግምጃ ቤቱን ኃላፊ ሙሉሰውን ያገኘችው ከደጅ ነው። ሬሳውን መጀመሪያ ያየው እሱ ነበር። ይባስ ብሎም ከስብሰባው መሀል ወጥቶ ለግማሽ ሰዓት ያህል ጠፍቷል። ይህን ስለሚያውቅ ላብ በላብ ሆኗል።

«ከስብሰባው ወጥተህ የት ሄድክ?» አለችው።

«እነ… እነ ብርነሽ ቤት። ጠላ ልቀምስ።»

«በስብሰባ ሰዓት?»

«ምን ላድርግ እትዬ፣ እሱ ሲናገር የኔ አፍ ደረቀ!»

ሸዋረገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትስቅ ደረሰች። «ናፍጣ የምትሰጠው አንተ ነህ?»

«አዎ። ትናንት ጠዋት አምስት ሊትር ለግዛው ሰጠሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተጨማሪ ይዤለት ስሄድ ነው እንግዲህ… ያየሁት።»

«ግዛው ጠዋት ምን አለህ?»

«‹ወደ ስብሰባው እመጣለሁ። የምናገረው ነገር አለኝ› አለኝ። ምንድነው ስለው ‹ለሊቀመንበሩ ነግሬዋለሁ፤ ራሱ ካልተናገረ እኔ እናገረዋለሁ› አለ። በኋላ ወፍጮው ሲጮህ ሥራ በዝቶበት ቀረ ብዬ ተውኩት።»

«ድንጋዮቹን ማኅበርተኛው ያመጣው መቼ ነው?»

«ባለፈው ሚያዝያ። አዲሶች ነበሩ፣ ስንዝር ከጋት! መስከረም ላይ ሊቀመንበሩ ‹ይወቀሩ› ብሎ በጋሪ ወደ መካኒሳ ልኳቸው በሳምንቱ ተመለሱ።»

«ድንጋይ ሊወቀር ጋሪ ላይ ይወጣል?»

ድንጋይ የሚወቀረው እዚያው በተተከለበት እንደሆነ ሙሉሰው ከሕፃንነቱ ያውቃል። ግን ጥያቄው እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ወደ ጭንቅላቱ መጥቶ አያውቅም ነበር፤ ሊቀመንበር ያዘዘውን መጠየቅ በጨፌ በር ከቀረ ቆይቷል።

«አንድ ነገር ልጨምር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትናንት በስብሰባው ማብቂያ መፈክሩን ‹አንተ አሰማ› አለኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ለማንም አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም።»

«ወፍጮውን ሄዳችሁ አስቁሙ አላለም?»

«አላለም። የሚገርመው እሱ ነው። ኅዳር ላይ ልጇ ያለቀሰባትን እናት ‹ስብሰባ አወከች› ብሎ ሦስት ቀን ድንጋይ ያስለቀመ ሰው ነው።»

አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሸዋረገድ ዳገቱን ወጥታ እማማ ገበያነሽ ደጃፍ ቆመች። ገበያነሽ የጨፌ በር አንጋፋ ናቸው፤ ‹ጉልበቴን ያመኛል› ብለው ከስብሰባ የሚቀሩ ብቸኛ ሰውም ናቸው። ለወፍጮ ግን ጉልበታቸው አይታመምም።

«እማማ፣ ትናንት ሊያስፈጩ ወጥተው ነበር አሉ።»

«ወጥቼ ከመንገድ ተመለስኩ።»

«ጣሳዋ እየጮኸች?»

«እየጮኸች ነዋ! አዬ ልጄ፣ አንቺ ከተሜ ነሽ። ወፍጮ እህል ሲበላ ድምፁ ከበድ፣ ዘግየት ይላል፤ ኩ…ክ፣ ኩ…ክ። የትናንቱ ኩክኩክኩክ እያለ ባዶ ሆዱን ነበር የሚጮኸው። ግዛው ሞተር እየሞከረ ይሆናል፣ ዛሬ አይፈጭም ብዬ እህሌን ይዤ ተመለስኩ።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ሰዎቹ ለስብሰባ እየወጡ ነበር። ስምንት ሰዓት ገና አልሞላም።»

«መቼ ከበድ አለ?»

«አልከበደም። እስኪቆም ድረስ እንደዚያው ነው። እዚሁ ተቀምጬ ሰማሁት።»

ሸዋረገድ ጎንበስ ብላ የአሮጊቷን ጉልበት ሳመች። «እማማ፣ ዛሬ ስብሰባ ይመጣሉ?»

«የሚናገረው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታሳጥሪዋለሽ?»

«አሳጥረዋለሁ።»

«እንግዲያው እመጣለሁ» አሉ ገበያነሽ፣ ነጠላቸውን እያነሱ።

መኪናው ከሰዓቱ ሩብ ቀድሞ ደረሰ። በጨፌ በር በሰዓቱ የሚመጣ መጥፎ ነገር ብቻ ነው። ሾፌሩ ሳይወርድ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ጠበቀ። ማኅበርተኛው ወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ ተቀመጠ። ቡዜ እንደታሰረ ከፊት ቆመ፤ ገዲሴ አጠገቡ። ከበበው ለራሱ ወንበር አስመጣ።

«ጓዶች» ብሎ ሊጀምር ተነሳ።

«ይቀመጡ» አለች ሸዋረገድ።

ተቀመጠ። ማኅበርተኛው እርስ በርሱ ተያየ፤ እንዲህ ያለ ተአምር ታይቶ አያውቅም።

«ትናንት ወፍጮው እስከ አሥር ሰዓት ስለጮኸ ግዛው እስከ አሥር ሰዓት በሕይወት ነበር አላችሁ» አለች። «መቶ አሥራ ሁለት አባወራ፣ ሁለት መቶ ሃያ አራት ጆሮ! ከዚህ ሁሉ የሰማው የእማማ ገበያነሽ ብቻ ነው። ወፍጮው እህል አልፈጨም። ድንጋዩ ተቃጥሏል፤ እህል የሚፈስበት ሣጥን ባዶ ነው፤ ጆንያዎቹም እንደታሰሩ ናቸው። ግዛው ድንጋዩን ባዶ ያስኬዳል?»

«አያስኬድም!» አሉ ሴቶቹ ባንድ አፍ።

«ሞተሩንስ ማንም አላጠፋውም። መዝጊያው ክፍት ነው፤ ናፍጣው ሲያልቅ ራሱ ቆመ። ስለዚህ ሞተሩ ሲነሳ ግዛው ሞቶ ነበር። ያስነሳው ገዳዩ ነው። ለምን? እናንተ ጩኸቱን እየሰማችሁ፣ ገዳዩ በፊታችሁ ተቀምጦ እንዲታይ። እንግዲህ ከአሥር ሰዓት በኋላ የት ነበርክ የሚለውን ጥያቄ ተዉት። ከስምንት በፊት የት ነበርክ ነው ጥያቄው።»

ሙሉሰው ከሰው ጀርባ ሊሸሸግ ሞከረ።

«አንተን አይደለም» አለችው። «አንተ ማስመሰል ብትፈልግ ኖሮ ጩኸቱ ሳያልቅ ለጠላ ብለህ ከሰው ዓይን አትጠፋም ነበር። ገዳዩ ይህን ያህል የደከመው ለመታየት ነው። ቡዜም አይደለም፤ እሱ ጭራሹን ስብሰባ አልመጣም። ለማንም ላይታይበት ወፍጮ የሚያስጮህ ሰው የለም። ደግሞ ወፍጮ የሚያውቅ ሰው የሚኖርበትን ድንጋይ አያቃጥልም።»

«ታዲያ ማነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ድንጋዩን እንጠይቀው። ሚያዝያ ላይ ዳገት የጎተታችሁት ድንጋይ ስንዝር ከጋት ነበር። አሁን የተተከለው ግማሽ ስንዝር አይሞላም። በዘጠኝ ወር ይህን ያህል የሚያልቅ ድንጋይ ከሳሙና ነው የተሠራው። ‹ይወቀሩ› ተብለው በጋሪ መካኒሳ የሄዱት ሌሎች፣ የተመለሱት ሌሎች ናቸው። ሊቀመንበር፣ መካኒሳ ወፍጮ ያለው ዘመድዎ ማነው?»

«አማቹ!» አለች አንዲት ሴት።

«ግዛው ይህን አወቀ። ትናንት ሞተሩን አጥፍቶ መጥቶ ሊናገር ነበር፤ ‹ለሊቀመንበሩ ነግሬዋለሁ› ብሏል። ሊቀመንበሩ ቀድሞት መጣ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል ተናገረ፤ ልጅ ሲያለቅስ የማይታገሥ ሰው ወፍጮ ሲጮህ ‹አዳምጡልኝ› አለ!»

ከበበው ተነሳ። «ይህ የአድኃሪያን ስም ማጥፋት ነው! ማኖቬላ ይዤ አላውቅም። ያየኝ አለ? ማስረጃ የታለ?»

ሸዋረገድ ድንገት ቀጥ ብላ ቆማ በሙሉ ድምጿ ጮኸች፦

«ኢትዮጵያ ትቅደም!»

በእነዚያ ዓመታት ይህን የሰማ እጅ ባለቤቱን አያማክርም። ማኅበርተኛው በሙሉ ብድግ ብሎ ግራ ቡጢውን ወደ ሰማይ ወረወረ። ሾፌሩም መሪው ላይ እንዳለ ወረወረ። ከሁሉም በላይ አራት ዓመት የለመደው ክንድ ከኪሱ ተፈትልኮ ወጣ፤ የከበበው ክንድ። ቡጢው ግን አልተዘጋም። አራቱ ጣቶች ታጥፈው አውራ ጣቱ ብቻ ቆሞ ቀረ፤ አብጦ፣ ጠቁሮ፣ የበሰለ ድብልብል በለስ መስሎ።

ጣቱን ለማየት ከኋላ ያሉት በእግራቸው ጣት ቆሙ።

«በር… በር ቆንጥጦኝ ነው» አለ ከበበው።

«ቡዜ፣ ማኖቬላ ሲይዙ አውራ ጣትን ጠቅልለው ከያዙበት ምን ይሆናል?»

«ሞተሩ ይሰብረዋል፣ እትዬ» አለ ቡዜ በቀስታ።

«ወፍጮ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይሰበርም። የማያውቅ ግራኝ ብቻ ነው እንዲህ የሚሰበረው። የአእምሮ ሠራተኛ!» አለች ሸዋረገድ፤ ከዚህ በኋላ እርስዎ ማለቷን ተወች። «አንተ ሰው፣ መቶ አሥራ ሁለት ቤት በትከሻው ያመጣውን ድንጋይ ለአማችህ ስትሰጥ አላፈርክም፤ ጣትህን አሁን ከሰው ትሸሽጋለህ?»

ከበበው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የሚናገረው ጠፋው፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ያ ቀን በጨፌ በር ሲታወስ ይኖራል።

አንድ የአብዮት ጥበቃ ጓድ እጁን አወጣ። «ጓዲት፣ ቡዜ ግን ትናንት የት ነበር? እሱ አልተጣራም።»

ገዲሴ ነጠላዋን ጨበጠች።

«የመጣሁት ገዳይ ልፈልግ ነው፤ ገዳይ አገኘሁላችሁ» አለች ሸዋረገድ። «እሱ ወፍጮ ቤት አልነበረም። የቀረው ዓለም ሰፊ ነው፤ የፈለገበት ይሁን።»

ጓዱ እጁን አወረደ።

ሾፌሩ ግን ወረቀቱን በመስኮት አራገበ። «እኔ የማውቀው ወረቀቱን ነው። ቡዜ ይላል። ማኅተም አለበት።»

«ማኅተሙ የማነው?»

«የማኅበሩ።»

ሸዋረገድ ወደ ከበበው ሄዳ ደረት ኪሱን ከፈተችና ማኅተሙን አወጣች። ወረቀቱን ተቀብላ የቡዜን ስም በአንድ መስመር ሰረዘች፣ የከበበውን ጻፈች፣ ማኅተሙን እፍ ብላ አሙቃ ስሙ ላይ ረገጠችበት። ማኅተሙን ለእማማ ገበያነሽ ወረወረችላቸው። እሳቸውም በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡት፤ ዳግም ምርጫ እስኪደረግ ድረስም ከዚያ አልወጣም።

«ይሁን» አለ ሾፌሩ። «ገመዱ ግን አንድ ነው፤ የመንግሥት ነው። ከዚህኛው ፍቱና ለዚያኛው እሰሩ።»

ሁለት ጓዶች ወደ ቡዜ መጡ። ገዲሴ በክርኗ ገፋቻቸው። ቋጠሮው በላብ ጠብቆ ነበር፤ በጥፍሯ ሞከረች፣ እንቢ አለ። ተንበርክካ በጥርሷ ያዘችው። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ አልቸኮለችም። ክሩን አንድ በአንድ አላላች፤ ሲፈታ የባሏን ሁለት እጆች ይዛ ደም እስኪመለስባቸው በመዳፏ አሸች። ከዚያ ገመዱን ከመሬት አንስታ ለጓዶቹ ሰጠች።

«ወይስ እኔ ልሰርላችሁ?» አለች።